በክረምት ወደ ዝናብ አገር መሄድ ይገባልን?

ክረምት በገባ ቍጥር በየቤቱ የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። ይኸውም ሩቅ አገር ያለውን ዘመድ ለመጠየቅ አሁን እንሂድ ወይስ በጋ እስኪሆን እንቆይ የሚል ነው። ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በሚገባ ለመረመረው ሰው ቀላል አይደለም። ልጆች ከትምህርት የሚያርፉት በክረምት ነው፤ ፍርድ ቤትም ለዕረፍት የሚዘጋው በክረምት ነው፤ ብዙው ሠራተኛም ፈቃድ የሚያገኘው በዚሁ ወራት ነው። መንገዱ ደርቆ፣ አየሩም ጠርቶ ለጕዞ በሚመችበት በጥርና በየካቲት ግን ልጁ ከደብተሩ፣ አባቱም ከመዝገቡ ሊለይ አይችልም። ስለዚህ ጊዜና መንገድ እንደ ሁለት ባለጋራዎች ሆነው አይታረቁም፤ ጊዜ ሲገኝ መንገድ ይታጣል፣ መንገድ ሲገኝም ጊዜ ይታጣል።

በዛሬው ጽሑፋችን ይህ ክርክር ወደ ቤታችን እንዴት እንደ መጣ፣ እንዴትም እንደ ተፈጸመ ለአንባቢዎቻችን ለመግለጽ አስበናል። የቤታችንን ነገር ወደ አደባባይ ማውጣታችን ለመታየት ፈልገን አይደለም። ብዙ ቤተ ሰብ በያመቱ በዚህ ሐሳብ ሲጨነቅ ስለምናይ፣ ከስሕተታችንም ሆነ ከጥንቃቄያችን አንድ ቁም ነገር የሚያገኝ ሰው ቢኖር ብለን ነው።

ባለቤታችን የተወለደችው በኢሉ አባቦር፣ በጎሬ ከተማ ነው። እናቷ፣ እኛም እሜቴ እያልን የምንጠራቸው አማታችን፣ ዕድሜያቸው ከ80 ዓመት ያለፈ ሲሆን እስከ ዛሬ ከትውልድ ቤታቸው አልተለዩም። ባለፈው ዓመት በሰኔ ወር መጨረሻ በስልክ፣ «ልጄ፤ የዚህችን ሕፃን ፊት ሳላይ ክረምቱ እንዳይወስደኝ እፈራለሁ፤ ልጆቹ ከትምህርት ሲያርፉ ይዘሽልኝ ነዪ» ብለው ላኩባት። ሕፃን ያሏት የመጨረሻ ልጃችን ናት፤ በዚያን ጊዜ 14 ወር ሆኗት ገና ጡት አልተወችም ነበር።

ታላቅ ወንድማችን ይህን በሰማ ጊዜ፣ «ሕፃን ይዞ በነሐሴ ወደ ጎሬ መሄድ ከድጡ ወደ ማጡ መግባት ነው። እናት ትናፈቃለች፤ ነገር ግን ጥርም ይመጣል» አለ። ባለቤታችን ግን፣ «እማዬ በጥር ነዪ አላለችኝም፤ አሁን ነዪ ነው ያለችኝ» ብላ ዝም አለች። ከዚያም በኋላ ብዙ ቀን ስለዚህ ነገር አልተናገረችም። ባል የሆነ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ እንዲህ ያለው ዝምታ ከረጅም ንግግር ይልቅ ይከብዳል።

የኛ ሥራ የሌላውን ሰው ክርክር ሰምቶ መጻፍ ስለ ሆነ፣ እንደ ልማዳችን ወረቀት አቅርበን ገጹን በሁለት ከፈልነው። በአንደኛው ወገን ለመሄድ የሚናገረውን፣ በሁለተኛውም ወገን ለመቅረት የሚናገረውን ማስረጃ ጻፍን። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የአገሩን ጠባይ መመርመር ተገባን፤ ሰው የማያውቀውን አገር ሊፈራውም ሊደፍረውም አይገባውምና።

ጎሬ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በተራራ ጫፍ ላይ የተሠራች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ የሚወስደው የመኪና መንገድ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በጅማ፣ በአጋሮ፣ በበደሌና በመቱ ያልፋል። ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ እርጥበት ተሸክሞ የሚመጣው ነፋስ ከቆላው ወደ ኢትዮጵያ ደጋ ሲወጣ አስቀድሞ ከሚገናኛቸው ተራራዎች እነዚህ የኢሉ አባቦር ተራራዎች ናቸው። ነፋስ ወደ ላይ በወጣ ቍጥር ይቀዘቅዛል፤ በቀዘቀዘም ጊዜ የተሸከመውን እንፋሎት መያዝ ስለማይችል እንፋሎቱ ወደ ዝናብ ይለወጣል። ስለዚህ በአዲስ አበባ ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ሲሆን፣ በጎሬ ግን ከመጋቢትና ከሚያዝያ ጀምሮ እስከ ጥቅምት፣ አንዳንድ ዓመትም እስከ ኅዳር ይዘንባል።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን መምህራችን ባዶ ጣሳ በሜዳ ላይ አቁመን የዝናብን መጠን እንድንለካ ያስተምሩን ነበር። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውኃ መፍሰሱ ነው። በአዲስ አበባ በዓመት የሚዘንበው ከ1000 እስከ 1200 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በጎሬ ግን ወደ 2000 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ይህም ማለት ውኃው ሳይፈስና ሳይሰርግ ባለበት ቢጠራቀም ኖሮ ከረጅም ሰው ቁመት በላይ በሆነ ነበር።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ይቈጠራል። ሊቃውንትም በየክፍሉ ለይተውታል። የመጀመሪያው የዘርና የደመና ወራት ነው፤ ከሐምሌ አጋማሽ በኋላ ያለው የመብረቅና የነጎድጓድ፣ የባሕርና የወንዞች ነው፤ ከነሐሴ 10 በኋላ ያለው የዕጓለ ቋዓትና የደሰያት ነው፤ በነሐሴ መጨረሻና በጳጕሜን ያለው ደግሞ የጎህና የንጋት ነው። እኛም ይህን ትምህርት ተከትለን፣ «ጎህ እስኪቀድ፣ እስከ መስከረም ብንቆይስ?» ብለን አሰብን። ነገር ግን ይህ አከፋፈል ለሰሜኑ ደጋ እጅግ የተስማማ ሲሆን፣ በኢሉ አባቦር በመስከረምም ዝናቡ አይለይም። ስለዚህ አንድ ወር መቆየት መንገዱን ብዙ አያሻሽለውም። ምርጫችን በነሐሴና በመስከረም መካከል ሳይሆን፣ በነሐሴና ዕረፍት በማናገኝበት በበጋው መካከል መሆኑን በዚህ ተረዳን።

ደግሞም ዝናብ በዚያ አገር ሁልጊዜ የመንገደኛ ጠላት ሆኖ አልኖረም። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ ባደረጉት ውል በባሮ ወንዝ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን ቦታ በኪራይ ለመስጠት ፈቅደው ነበር። ይህም ጣቢያ ጋምቤላ ነው። ከካርቱም የሚመጡት መርከቦች ጋምቤላ ለመድረስ የሚችሉት ባሮ በሞላበት በክረምት ወራት ብቻ ነበር። የኢሉ አባቦርም ቡና ከጎሬ በቡሬ በኩል ወርዶ በነዚሁ መርከቦች ወደ ሱዳን ይጫን ነበር። ጭቃው በደጋው ላይ ነጋዴውን ሲያስቸግር፣ ያው ዝናብ በቆላው መርከቡን ያነሣ ነበር። እንዲሁም በ1928 ዓ.ም. የጣልያን ጦር አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ በቢትወደድ ወልደ ጻድቅ የሚመራው ጊዜያዊ መንግሥት በጎሬ ተቀመጠ፤ ልዑል ራስ እምሩም ወደዚያው ደረሱ። ጎሬ እስከ ኅዳር 1929 ዓ.ም. ድረስ በጠላት ሳትያዝ ከቆየችባቸው ምክንያቶች አንዱ የክረምቱ ዝናብ የጠላትን መንገድ ማክበዱ ነው።

እንግዲህ ከታሪክ ወደ ቤታችን ክርክር እንመለስ። ለመቅረት የሚናገረው ወገን ማስረጃው ብዙና የበረታ ነበር።

አንደኛው የመሬት ናዳ ነው። በሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ ብዙ ዝናብ ከዘነበ በኋላ ተራራው ተንዶ ከ200 የሚበልጡ ሰዎች መሞታቸውን አንባቢዎቻችን የሚዘነጉት አይደለም። እጅግ የሚያሳዝነው፣ ከሞቱት ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ጎረቤቶቻቸውን ለማውጣት ሲቆፍሩ ሁለተኛው ናዳ የደረሰባቸው መሆናቸው ነው። አፈር ውኃ በጠገበ ጊዜ ክብደቱ ይጨምራል፤ ከሥሩ ካለው ድንጋይ ጋራ ያለውም መያያዝ ይላላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ የተናደ ገደል ዳግመኛ ሊናድ ይችላልና ከሥሩ መቆም አይገባም። መሬት ሲሰነጠቅ፣ ዛፍ ወይም የአጥር እንጨት ከቀድሞው ይልቅ ሲያዘነብል፣ ጥርት ብሎ ይፈስ የነበረ ምንጭ በድንገት ሲደፈርስ ያየ ሰው ቤቱንም ቢሆን ትቶ መራቅ ይገባዋል።

ሁለተኛው ደራሽ ጎርፍ ነው። አባቶቻችን ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ያሉት በከንቱ አይደለም። በኀይል የሚሮጥ ውኃ ጥልቀቱ 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን ሰውን ሊጥል ይችላል፤ 30 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ትንሹን አውቶሞቢል ያንሳፍፋል፤ 60 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ብዙውን መኪና ጠርጎ ይወስዳል። ውኃውም ድፍርስ ስለ ሆነ ከሥሩ ያለው መንገድ ተሸርሽሮ እንደ ሆነ አይታይም። ወደ ጎሬ የሚሄድ ሰው ደግሞ ግቤን፣ ዴዴሳን፣ ገባንና ሶርን መሻገር አለበት። ዋናዎቹ ወንዞች ድልድይ አላቸው፤ ነገር ግን በክረምት ብዙ ጊዜ መንገደኛን የሚጎዳው ስም ያለው ወንዝ ሳይሆን፣ በበጋ ደርቆ የሚቆየው ስም የለሽ ፈረፈር ነው።

ሦስተኛው ሕመም ነው። በክረምት የጕድጓድና የምንጭ ውኃ ከጎርፍ ጋራ ስለሚቀላቀል ተቅማጥና የአንጀት ተስቦ ይበዛሉ። ከፍ ባለው በጎሬ ብርዱ እንጂ ወባው እምብዛም አያሠጋም፤ ነገር ግን የግቤና የዴዴሳ ሸለቆዎች ዝቅ ያሉና ሞቃት በመሆናቸው ያለ አጎበር የሚታደርባቸው አይደሉም። ወባ ይበልጥ የሚበረታውም ዝናቡ ሲያባራ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው።

አራተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ነው። ነሐሴ የገበሬው ጎተራ የሚጎድልበት ወር ነው። ያለፈው ዓመት እህል አልቋል፤ የዘንድሮው ገና በእርሻ ላይ ነው። የባላገሩ ቤት እንግዳ መጣ ተብሎ ከመደሰት አይቦዝንም፤ ነገር ግን ለእንግዳው የሚቀርበው እንጀራ ከልጆቹ አፍ የተነሣ ሊሆን ይችላል። ባለ ቤቱም ይህን ከመናገር መሞትን ይመርጣል። ስለዚህ በክረምት የሚሄድ እንግዳ ለራሱ ደኅንነት ብቻ ሳይሆን ለተቀባዩም ክብር ማሰብ አለበት።

ለመሄድ የሚናገረው ወገን ግን ማስረጃው ሁለት ብቻ ነበር። የመጀመሪያው የእሜቴ ዕድሜ ነው። ሁለተኛው ከጥቂት ዓመታት በፊት በራሳችን የደረሰው ነገር ነው፤ እሱንም ብንጽፈው ይሻላል።

በልጅነታችን ዳዊት ያስተማረን አጎታችን በመንዝ ይኖር ነበር። በአንድ ክረምት በሐምሌ ወር መታመሙንና ሊያየን መፈለጉን ሰው ላከብን። እኛም መንገዱን ጠይቀን ጭቃው እንደ በረታ ስለ ሰማን፣ «መስቀልን አብረን እንውላለን» ብለን መለስንለት። መልሱ ከጥንቃቄ የመጣ ነበር፤ ማንም ሊነቅፈው አይችልም። አጎታችን ግን ጳጕሜን 2 ቀን አረፈ። ለመስቀል ያልነው መንገድ የአርባ መንገድ ሆነ። ወደ ቤቱ በደረስን ጊዜ የተማርንበትን ዳዊት በነጠላ ጠቅልሎ ለኛ እንዲሰጥ መናዘዙን ነገሩን። ያ መጽሐፍ ዛሬ በቤታችን አለ፤ በገለጥነው ቍጥር የምናስበው መንገዱ በርግጥ የማይታለፍ እንደ ነበረ ሳይሆን፣ አንድ ጊዜ እንኳ ወጥተን ሳንሞክር መቅረታችንን ነው።

ይህን ሁሉ ከጻፍን በኋላ ከባለቤታችንና ከታላቅ ወንድማችን ጋራ ተቀምጠን ወረቀቱን አነበብን። ባራቱ ማስረጃ ላይ ወንድማችን ትክክል መሆኑን ባለቤታችን አመነች፤ በሁለቱ ላይም እሷ ትክክል መሆኗን ወንድማችን አመነ። በመጨረሻው የሚከተለውን ቈረጥን። መንገዱ ሰላም መሆኑ ከታወቀ፣ ጾመ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ነሐሴ 17 ቀን እንሄዳለን። ጕዞውን በሦስት ቀን እናደርጋለን፤ ለሚደርሰው መሰናክልም ሁለት ቀን ትርፍ እንይዛለን። የደጋው ዝናብ ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚበረታ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሥተን ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ አንጓዝም። መንገዱን የሚያውቁ ሰዎች ከፊታችን አትለፉ ቢሉን ሳናፍር እንመለሳለን። ከነዚህ ሁሉ ከባዱ ይህ የመጨረሻው ነበር፤ ከመንገድ መመለስ ውርደት እንዳይደለ ቤት ሳሉ አስቀድሞ ካልተስማሙበት በመንገድ ላይ ለመስማማት አይቻልምና።

አንድ የሚያሳዝን ውሳኔም ነበረ። የመጀመሪያ ልጃችን ከሕፃንነቱ ጀምሮ አስም ስላለበት ብርድና እርጥበት ይጎዱታል። የጎሬ ክረምት ለሱ እንደማይሆን ሐኪምም ስለ ነገረን በታላቅ ወንድማችን ቤት እንዲቀር ተደረገ። ልጁ 12 ዓመቱ ነው፤ አላለቀሰም፤ ነገር ግን በሄድንበት ጧት ሊሰናበተን ከመኝታው አልተነሣም።

በስንቃችን ጤፍ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ዘይትና ስኳር ጫንን። ከዚህም ጋራ አጎበር፣ ውኃ የምናፈላበት ማንቆርቆሪያ፣ የዝናብ ልብስና ቦቲ ጫማ፣ ደግሞም የቆርቆሮ ምስማር ከነላስቲኩ ያዝን። ምስማሩን ያሰበችው ባለቤታችን ናት፤ የእናቷ ቤት ጣራ እንደሚያፈስ በስልክ ሳይነገራት ከዝናቡ ድምፅ አውቃ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ጕዞ መልካም ነበር፤ በግቤ ሸለቆ ጉም ቢከብም ቀትር ሳያልፍ ብዙ ተጕዘን ጅማ አደርን። በሁለተኛው ቀን ግን ከአጋሮ አልፈን ጥቂት እንደ ተጓዝን ከገደሉ የወረደ አፈር የመንገዱን እኩሌታ ዘግቶ አገኘነው። በፊታችንም አንድ የጭነት መኪና ጭቃ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። ዝናቡ ሳያቋርጥ አምስት ሰዓት ያህል ቆምን። ሕፃኗ አለቀሰች፤ ባለቤታችን በጋቢ ጠቅልላ ጡት እየሰጠች አንዲት ቃል አልተናገረችም። በዚያን ሰዓት ታላቅ ወንድማችን ትክክል ነበረ ብለን በልባችን ፈረድን። ጊዜው ከቀኑ 9 ሰዓት በሆነ ጊዜ ሌሎቹ መንገደኞች ሊጠባበቁ ሲወስኑ እኛ ወደ አጋሮ ተመልሰን አደርን። ቀድሞ ያልተስማማንበት ቢሆን ኖሮ ይህን ለማድረግ ድፍረቱ ባልኖረን ነበር። በማግሥቱ መንገዱ ተጠርጎ አለፍን፤ በደሌ አድረን በአራተኛው ቀን ጎሬ ገባን።

ከበደሌ እስከ መቱ ያለውን አገር በክረምት ያላየ ሰው ኢትዮጵያን ሙሉ በሙሉ አይቷል ለማለት ያስቸግራል። በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት የተመዘገበው የያዩ የቡና ደን በዚህ መንገድ ላይ ይገኛል። በረጃጅሞቹ ዛፎች ሥር የበቀለው ቡና በነሐሴ ገና አረንጓዴ ፍሬ ይዞ ቆሞ ነበር፤ የሚቀላው ክረምቱ ሲወጣ ነው። ከቅርንጫፎቹ ላይ ጉሬዛዎች ጥቍርና ነጭ ካባቸውን ለብሰው ዝናቡ እስኪያባራ ተኰራምተው ይጠብቃሉ። ከመቱ ብዙ ሳይርቅ የሚገኘው የሶር ፏፏቴም በዚህ ወራት በሙሉ ኀይሉ ይወርዳል፤ ነገር ግን ወደ ፏፏቴው የሚያወርደው የእግር መንገድ እጅግ ያዳልጥ ነበርና ሕፃን ይዘን ለማየት አልደፈርንም።

እሜቴ በትራቸውን ተደግፈው በደጃፉ ቆመው አገኘናቸው። ሕፃኗን ለመያዝ አቅም ያንሳቸዋል ብለን ስንፈራ፣ በትሩን ጥለው በሁለት እጃቸው ተቀበሏት። ቤት ገብተን እሳት ዳር ከተቀመጥን በኋላ፣ «በበጋ የመጣ መንገዱን አይቶ ይመጣል፤ በክረምት የመጣ ግን እኔን ብሎ ነው» አሉ። ወዲያውም፣ «ትልቁስ ልጄ የት አለ?» ብለው ጠየቁ። ምክንያቱን ነገርናቸው፤ አዎን፣ መልካም አድርጋችኋል አሉ። ነገር ግን በቆየንበት ስምንት ቀን ውስጥ ስለሱ ያልጠየቁበት ቀን አልነበረም።

በቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዶፍ ከበረታ ጊዜ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጦ መነጋገር አይቻልም። ስለዚህ ብዙውን ሰዓት እሳት እየሞቅን፣ በቆሎ እሸት እየጠበስን፣ ቡና እየጠጣን ዝም ብለን እንቀመጥ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጧት ጥቂት ሰዓት ፀሐይ ወጣች፤ በዚያችው ጊዜ ከጎረቤት መሰላል ተበድረን የሚያፈሰውን ጣራ በምስማሩ አጠበቅነው። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ የሚያፈሰው ውኃ መጠራቀሚያ ባልዲ ከእሜቴ አልጋ አጠገብ ተነሣ። በበጋ ሄደን ቢሆን ኖሮ ጣራው ማፍሰሱን እንኳ ባላወቅን ነበር።

ስንመለስ እሜቴ ለቀረው ልጅ አንድ ማሰሮ ማር ላኩለት። መንገዱም በመመለሻችን ያለ ችግር አደረሰን። ልጁ ማሩን ተቀብሎ፣ «አያቴ ታውቀኛለች?» አለ። በበጋ ለጥቂት ቀን እንኳ ቢሆን ፈቃድ ለምነን እሱን ይዘን እንደምንሄድ ቃል ገባን፤ በጥር ወርም ይህንኑ ፈጸምን። ሁለት ጊዜ መሄድ ወጪ ነው፤ ነገር ግን ወጪውን ሌላ ነገር በመተው ተቻለ።

እንግዲህ በክረምት ወደ ዝናብ አገር መሄድ ይገባልን ለሚለን አንባቢ መልሳችን ይህ ነው። ለመዝናናት ብቻ ከሆነ፣ ተራራውም ፏፏቴውም የትም አይሄዱምና ቢቆይ ይሻላል። በቤቱ የመተንፈሻ ሕመም ያለበት፣ ወይም ለመውለድ የቀረበች ሴት ያለች እንደ ሆነ አይሂድ። የመንገዱን ሰላም ሳያረጋግጥ፣ ትርፍ ቀንና ትርፍ ገንዘብ ሳይኖረውም አይነሣ፤ በክረምት መንገደኛን ከጎርፍ ይልቅ የሚገድለው ጥድፊያ ነውና። ነገር ግን የሚጠራው ያረጀ ወይም የታመመ ዘመድ ከሆነ፣ ጭቃ ነው የሚለውን ቃል ብቻ ሰምቶ አይቅር። መንገዱን ይመርምር፤ ማለዳ ይነሣ፤ ስንቁን ይያዝ፤ ደፍራሽ ውኃ ከመሻገር ይመለስ፤ ነጎድጓድ በሰማ ጊዜም ከዛፍ ሥር አይጠለል። ይህን ሁሉ አድርጎ መንገዱ ቢከለክለው፣ ከደረሰበት ስፍራ ይመለስ፤ ዘመዱም እስከየት እንደ ደረሰለት ይሰማል።

የታላቅ ወንድማችን ምክር ስሕተት እንዳልነበረ ደግመን እንናገራለን። በዚያ በአጋሮ መንገድ ላይ ሕፃኗ ብትታመም፣ ወይም አፈሩ ሲናድ ከሥሩ ብንገኝ ኖሮ ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው በሌላ ልብ በሆነ ነበር። ስለዚህ የኛን መሄድ አይቶ ማንም በድፍረት አይነሣ፤ የኛንም ጭንቀት ሰምቶ ማንም በፍርሀት አይቅር። እያንዳንዱ ቤት የራሱን ወረቀት በሁለት ከፍሎ ይጻፍ።

እሜቴ ዛሬም በሕይወት አሉ። ዘንድሮም ክረምት ገብቷል፤ ትናንት በስልክ ስናነጋግራቸው የዝናቡ ድምፅ ይሰማ ነበር። ባልዲው ተመልሶ ከአልጋው አጠገብ መቀመጥ አለመቀመጡን ባለቤታችን ጠየቀች፤ አልተቀመጠም አሉ። እግዚአብሔር በዝናብ ውስጥ የሚሄደውን በሰላም ያድርሰው፤ በደጃፍ ቆሞ የሚጠብቀውንም ዕድሜ ይስጠው።